አመድማዋ ጥራዝ የማን ናት?

ውድ እትዬ፣

ብዕሩን የያዘችው በእርስዎ ወንበር ላይ የተቀመጠችው አዲሷ የቤተ መጻሕፍቱ የጥያቄ ክፍል ኃላፊ ናት። ቃሉ ግን የእኔ ነው። እንደተናገርኩት ጻፊ፣ አታሳምሪ ብያታለሁ። ገና ሳንጀምር «አባባ፣ መጀመሪያ ሰላምታ አይቀድምም እንዴ?» ትለኛለች። እሺ፣ እንደምን ከረሙ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ እንጂ እጄ አላረጀም። አሁን ወደ ጉዳዬ።

ቧንቧው የፈነዳበትን ዓመት ያስታውሳሉ። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት ቀርተውዎት ነበር፤ የዚያን ቀን ስብሰባ ሄደዋል። ምድር ቤት ስገባ ውኃው ቁርጭምጭሚቴን አለፈ። የተማሪዎቹ መመረቂያ ጽሑፎች፣ ሁሉም በእነዚህ እጆች የተጠረዙ፣ ታችኛው መደርደሪያ ላይ እንደ ሊጥ አብጠው ተቀምጠዋል። መቶ አርባ ናቸው። ተሸክሜ አወጣኋቸው። በጠረጴዛ፣ በመስኮት ደፍ፣ በደረጃው ላይ ሳይቀር ዘረጋኋቸው። ሲደርቁ የበሰበሰውን ልባስ ገሸለጥኩ፤ ከፊት ያሉትን ሁለት ሦስት የተበላሹ ገጾች ቆርጬ ጣልኩ፤ ጤነኛውን እንደገና ሰፍቼ አዲስ ልባስ አለበስኩት። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ያገኘሁትን ጨርቅ። አምረው ነበር! አላማሩም የሚል ካለ ይምጣ።

እርስዎ ተመልሰው አንዱን ገለጡ። ሌላውን ገለጡ። ሦስተኛውንም። ከዚያ መነጽርዎን አወለቁና «ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ» አሉኝ። ሌላ ቃል አልወጣዎትም። ተማሪዎቹ ወይዘሮ ዝምታ የሚሉዎት በከንቱ አይደለም። እኔም ደረቴን ነፍቼ ቤቴ ገባሁ።

ከዚያ በኋላ ሻይ ስንጠጣ አንዳንድ ነገር ይጠይቁኝ ጀመር። «ጋሼ፣ ያቺ ወፍራም ቀይ የማን ነበረች?» ጨዋታ መስሎኝ እነግርዎታለሁ። ተማሪ ጽሑፉን ለጥረዛ ሲያመጣ ዝም ብሎ አይሰጥም፤ ልጁን ለሐኪም የሚያስረክብ ነው የሚመስለው። ስሙን ይነግረኛል፣ ስለ ምን እንደጻፈ፣ ስንት ሌሊት እንዳስለቀሰው ይነግረኛል። እኔ የሰማሁት ነገር ከጆሮዬ አይወጣም።

ባለፈው ወር፣ ጡረታ ስወጣ ትቼው የነበረውን የጥረዛ መጭመቂያዬን ልወስድ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ መጣሁ። ይህች ልጅ መጻሕፍቱን ሁሉ በማሽን ፎቶ እያነሳች ኮምፒዩተር ውስጥ ታስገባለች። ተማሪ እቤቱ ቁጭ ብሎ እንዲያነብ፣ ጥያቄም ቢኖረው ካለበት ሆኖ ጽፎ መልስ እንዲያገኝ ነው አሉ። ጠረጴዛው ላይ የእኔ ጥራዞች ተከምረዋል፤ አጠገባቸው ባዶ ካርቶኖች፤ ከካርቶኖቹ አጠገብ የማያስፈልግ መጽሐፍ የሚያስወግደው ኮሚቴ ሰውዬ።

«እነዚህስ ወዴት ናቸው?» አልኩ።

«ስም የላቸው፣ ርዕስ የላቸው» አለ ሰውየው። «የማን እንደሆነ ያልታወቀ ጽሑፍ ኮምፒዩተር አይገባም። አርብ ወደ ወረቀት ፋብሪካ ይሄዳሉ።»

እሷ ደግሞ ተናዳለች። «የትኛው ጅል ነው የመጀመሪያ ገጻቸውን እየቆረጠ የጣለው? ስሙም ርዕሱም ያለው እዚያ ላይ እኮ ነው!» (አሁን ‹ጅል› የሚለውን አልጽፍም ትላለች። ጻፊ። ብለሻል።)

ያኔ ገባኝ፣ እትዬ። ስኮራበት የኖርኩት ሥራ መቶ አርባ ሰው ስም አልባ አድርጓል። መጭመቂያዬን አንስቼ ውልቅ ማለት እችል ነበር፤ ማን ያውቅብኛል? ዕድሜ ልኬን ደብቄዋለሁ። እርስዎ ፊት ጋዜጣ ስዘረጋ የቱ ከላይ እንደሆነ የምለየው በፎቶው ነበር። ግን ያ ሰውዬ አንዷን ሰማያዊ ጥራዝ አንስቶ ካርቶን ውስጥ ወረወራት። ወረወራት! እኔ ለሁለት ቀን በጨርቅ ያባበስኳትን።

«ጅሉ እኔ ነኝ» አልኩ።

«እርስዎ? ለምን?» አለች።

«ማንበብ ስለማልችል። የተበላሸ ወረቀት ነበር፤ ጣልኩት።»

ልጅቷ አቀረቀረች። ሰውየው ጫማውን ያያል። «ምን ያቀረቅራችኋል?» አልኩ። «ገጹን ጣልኩ እንጂ ሰዎቹን አልጣልኩም። ያንን አረንጓዴ ወዲህ በይው።» በእጄ መዘንኩት፤ ስፌቱን በጥፍሬ ዳሰስኩት። «ይሄ ስለ ጉንዳን ነው። ጥርሱ የተሸረፈ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ልጅ።» ስሙን ከነአባቱ ነገርኳት። ገለጠች። «ጉንዳን» አለች፣ ቀስ ብላ። ሌላ ሰጠችኝ። «ስለ ጉድጓድ ውኃ ነው። ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ‹ሳልወልድ ይጨርሱልኝ› እያለች ስታጣድፈኝ መርፌ ጣቴ ውስጥ ገባ።» ገለጠች። «ጉድጓድ!» ከአምስተኛው በኋላ ሰውየው ሳይናገር ካርቶኑን በእግሩ ወደ ጥግ ገፋው። ሰማያዊዋንም ራሱ አወጣት።

ልጅቷ የነገርኳትን ስም ሁሉ ከተመራቂዎች መዝገብ ጋር አመሳከረች። አንድም አልሳትኩም። አንድ ስተዋል ትላለች፤ የአያት ስም ነው፣ አይቆጠርም። በአራት ቀን መቶ ሠላሳ ስድስቱን ጨረስን። አራቱ እምቢ አሉኝ። ብዳስስ፣ ብመዝን፣ ባሸት፣ ምንም የለም። ተበሳጭቼ ከማንም ጋር አላወራም ብዬ ተቀመጥኩ።

እሷ ከእርስዎ መሳቢያ ውስጥ በእጅዎ የተጻፈ አንድ ደብተር ያገኘችው ያን ጊዜ ነው። «ቀይ፣ ወፍራም፣ ክሩ ነጭ፤ ስለ ንብ፤ ጋሼ እንደነገሩኝ።» ገጽ በገጽ እንደዚያ ነው። ከአራቱ ሦስቱ እዚያ ተገኙ፤ እኔ ረስቻቸዋለሁ፣ እርስዎ ግን ይዘዋቸዋል። የመጀመሪያውን ገጽ ሦስት ጊዜ አስነበብኳት። «ይህ ደብተር ጋሼ በሥራ ላይ እስካሉ ድረስ ለማንም አይታይ። በቀን ከአንድ በላይ አልጠይቃቸውም፤ ያወቅሁባቸው እንዳይመስላቸው።»

ያውቁ ነበር! አንጀቴ እስኪቆስል ሳቅኩ። አልቅሰዋል ትላለች። አላለቀስኩም፤ ሙጫ ዓይኔ ገብቶ ነው።

አሁን በሳምንት ሦስት ቀን ጥያቄ ክፍሉ ውስጥ ወንበር አለኝ፤ ትራስም አድርጋልኛለች። ኮምፒዩተሩ ውስጥ ከስምና ከርዕስ በታች አንድ ቦታ ከፍታለች፤ «ለጥረዛ ሲያመጣው የተናገረው» ይላል። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ፊደሉን ትመታለች። ትናንት ከሌላ ከተማ ጥያቄ መጣ፤ አንዲት ተማሪ «እናቴ ስለ ጉድጓድ ውኃ የጻፈችው እናንተ ጋ ይኖር ይሆን?» ትላለች። ከወንበሬ ተነሳሁ። «አለ በያት! ደግሞም እናትሽ ስታመጣው አንቺ ሆዷ ውስጥ ነበርሽ፣ ጣቴን ያስወጋሽኝ አንቺ ነሽ በያት!» ብዙም ሳይቆይ መልስ መጣ፤ እናትና ልጅ አንድ ላይ ሆነው እያነበቡት ነው አሉ። ይህን ያህል መንገድ አንድ ጥራዝ ተሸክሜ ሄጄ አላውቅም።

አሁን የጻፍኩበት ምክንያት። አንዷ ቀርታለች። ቀጭን፣ አመድማ፣ ክሯ ጥቁር። ልጅቷ ስታነባት ስለ ድልድይ ናት። በደብተርዎ የለችም። ቆይቶ ትዝ አለኝ፤ ባለቤቱ አንድም ቃል ሳይናገር አስቀምጦልኝ የሄደ ልጅ ነው፤ ስለዚህ እኔ ዘንድ ስም የለውም። እርስዎ ግን መስኮቱ ጋ አቁመው ሲያናግሩት አይቻለሁ፤ ሲወጣ እየሳቀ ነበር። ኮሚቴው እስከ ወሩ መጨረሻ ታግሶናል። እስከዚያ ኮምፒዩተሩ «ባለቤቱ የሚጠበቅ» ይላል። ማን ነበር፣ እትዬ? ምን ብለው አሳቁት? ያስታውሱ። አሁን ጠያቂው እኔ ነኝ፤ የምጠይቅዎትም አንድ ብቻ ነው።

ልጅቷ ፊደል ላስተምርዎ ትለኛለች። ሥራ በዝቶብኛል ስላት ቆይቻለሁ። ዛሬ ግን ቃል ገባሁ፦ ስሙን ከላኩልኝ ለአመድማዋ አዲስ የፊት ገጽ እሰፋላታለሁ፣ ያንን ስም ኮምፒዩተር ሳይሆን እኔ እጽፈዋለሁ። የመጀመሪያ ጽሑፌ እሱ ይሁን። ስለዚህ ስሙ አጭር ቢሆን ደስ ይለኛል።

የደበቅኩትን የደበቁልኝ እትዬ፣ ዕድሜ ይስጥዎት።

ጠራዡ

በይ ልጄ፣ ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። ‹ጅል› የሚለውን እንዳትዘልይው፤ እየሰማሁ ነው።