የሶስና እጅ

ጃንዋሪ 1987፣ ሰኞ

አላስገቡኝም። ነርሷ ቴርሞሜትሩን ከአፌ አውጥታ አየችና ራሷን ነቀነቀች። ትኩሳት ያለው ሰው እዚያ ክፍል ድርሽ አይልም፣ እናትም ብትሆን።

ማህሌት ከቅዳሜ ጀምሮ ላስቲክ ድንኳን ውስጥ ናት። ኦክስጅኑ እንደ ጉም ይገባላታል፤ ስትተነፍስ ጎድኗ ይቆጠራል። ሳንባዋን የያዘው ቫይረስ አርኤስቪ ይባላል። ለትልቅ ሰው ጉንፋን ነው፤ የሦስት ወር ልጅን ግን እንዲህ ያደርጋል። ዶክተሩ ጉንፋን ያለበት ሰው ቀርቧት እንደነበር ጠየቀኝ። ማንን ልጥራለት? ባለፈው ሳምንት ክርስትናዋ ላይ ፌርፋክስ አካባቢ ያለ ሐበሻ ሁሉ ስሟታል። እኔም ያን ሰሞን አስነጥስ ነበር።

የሚገቡት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ስም የተጻፈበት አምባር ይታሰርላቸዋል። አንዱን ባሌ ብሩክ አሰረ። የኔን ለሶስና ሰጣት። ሶስና የክርስትና እናቷ ናት፤ ጋርዴና ከተማ የምትሠራበት ፋብሪካ ለጊዜው ስለተዘጋ ቀኑን ሙሉ መቀመጥ ትችላለች። ብሩክ ደግሞ ታክሲውን መንዳት አለበት። ልክ ነው። ሁሉም ልክ ነው።

ማክሰኞ

በመስታወት አያለሁ። አንዲት ባለሙያ መጥታ ሶስናን አስተማረቻት፦ መዳፍን ጎድጎድ አድርጎ የልጅቷን ጀርባ መታ መታ ማድረግ፣ አክታው እንዲላቀቅ። የኔ ልጅ፣ በሰው ጭን ላይ። ታለቅስ ነበር፤ ዝም አለች። ደስ ሊለኝ ሲገባ ቅናት አንገቴ ድረስ ሞላኝ።

ብሩክ ማታ፣ "ሶስና ሪሊ እጅ አላት፤ ወዲያው ሪላክስ አደረገቻት" አለኝ። እራቱን ራሱ አሙቆ በላ።

ረቡዕ

ትኩሳቴ አልወረደም። ጡቴ ድንጋይ ሆኗል። ወተቱን በፓምፕ አልቤ ፍሪጅ ከተትኩ፤ ማህሌት ለጊዜው በግሉኮስ ነው ያለችው።

ሶስና ለምሳ ስትወጣ ኮሪደር ላይ አገኘችኝ። ፊቷ በርቷል። "ብሪዚንጓ ቤተር ነው፤ ትንፋሿ ቀለል ብሏል። ደግሞ ዛሬ ሳቀችልኝ እኮ" አለች።

ሳቀችልኝ። ለኔ አንዴ ብቻ ነው የሳቀችው፤ እሱንም ሆዷን ነፍቷት ነው ብለውኛል።

ሶስና ሳንድዊቿን ልትገዛ ስትወርድ ነርሷ ዘንድ ሄድኩ። ያቺ ሴት ትናንት ማታ ስትስል ነበር አልኳት። ሌላ ጊዜ የሚሰባበረው እንግሊዝኛዬ አንድ ቃል አልሳተም። ሶስና ስትመለስ አምባሯን በመቀስ ቆረጡት።

ሐሙስ

ደስታዬ እስከ ቁርስ ነበር። ብሩክ ጠዋት ጥቂት ተቀምጦ ወደ ሥራው ሄደ። ከዚያ በኋላ አልጋዋ አጠገብ ማንም የለም። ክፍሉ በታመሙ ሕፃናት ሞልቷል፤ ነርሶቹ ለሁሉም አይደርሱም። ማህሌት አለቀሰች። በመስታወቱ ድምፅ አይሰማም፣ አፏ ሲከፈት ብቻ ነው የሚታየው። ከንፈሯ ጠቆር አለ። ሮጠው ኦክስጅኑን ጨመሩላት።

ነርሷን ጠራኋት። ሶስና አልሳለችም፣ ውሸቴን ነው አልኳት። አየችኝ፣ አየችኝና ስልክ አነሳች።

ሶስና በአውቶቡስ መጣች። ትኩሳቷን ለክተው፣ ደረቷን አዳምጠው አዲስ አምባር አሰሩላት። እኔን ሰላም ሳትለኝ ገባች። ቸኩላ ይሆናል።

ዓርብ

ማህሌት በጡጦ ጥቂት ጠጣች። ያጠባቻት ሶስና ናት። ወተቱ ግን የኔ ነው።

እሑድ

ትኩሳቴ ለቀቀኝ። ጋውን አለበሱኝ፣ ማስክ አደረጉልኝ። አምባሩ ከሁለት ስለማያልፍ የሶስና መቆረጥ ነበረበት። እጇን ራሷ ዘረጋችላቸው።

ልጄን ታቅፌ ጀርባዋን መታ መታ አደረግኩ። ጮኸች። እንደገና ሞከርኩ፤ ባሰባት። ቀና ስል ሶስና አልሄደችም፣ መስታወቱ ማዶ ቆማለች። መዳፏን አጎድጉዳ የራሷን ክንድ መታ መታ ታደርጋለች፣ እንድከተላት። ለካ የኔ እጅ ቸኩሎ ነበር። እጇን እያየሁ ተከተልኳት። ማህሌት አንዴ ሳለች፣ ተነፈሰች፣ ተኛች።

ወጣሁና፣ "ሶስናዬ፣ ረቡዕ እኮ..." ብዬ ጀመርኩ።

"አውቃለሁ። ነርሷ ነግራኛለች" አለች። ቦርሳዋን አነሳች። "ነገም እመጣለሁ። እዚሁ ውጭ እሆናለሁ።"

"ኦኬ" አልኳት።

ባትመጣ ደስ ይለኝ ነበር። ከቀረች ደግሞ ምን እንደምሆን አላውቅም። ማህሌት የተኛችው ፊቷን ወደ መስታወቱ አዙራ ነው።