መቀመጫ የሌለው ታንኳ

አዋሳ፣ ኅዳር 12 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለልጄ ለሽበሺ ደምሴ፤

ሰላምታዬ ካለህበት ሆስፒታል ድረስ ይምጣልህ። እኔና እናትህ በጤና አለን።

ታንኳህን እንደ ድሮዎቹ ጠባብና ረዥም አድርጌ፣ በአንተው ቁመትና ክብደት ልክ እየጠረብኩ ነው። የአስጋሪዎች ማኅበሩ ሊቀመንበር "ጋሼ ደምሴ፣ ይህን ቀጭን ነገር ተውትና ሰፋፊ ይሥሩልን" እያለ ይነዘንዘኛል። አሻፈረኝ ብያለሁ።

ይበልጥ ያናደደኝ ግን የአንተ ደብዳቤ ነው። መቀመጫ ይኑረው ትላለህ። ይህ ታንኳ ተንበርክከው የሚቀዝፉት ነው፤ ከፍ ብለህ ከተቀመጥክበት ይገለበጣል። ከመዝመትህ በፊት ተቀምጠው የሚቀዝፉትን "ሽማግሌዎች" እያልክ ትስቅባቸው አልነበር? አሁን ምን መጣ? "ትንሽ ቆስዬ ነበር፣ ድኛለሁ" ብለሃል። ከዳንክ መንበርከክ ምን ይከብዳል?

እናትህ "አንተ ሰው፣ ልጁ ከጠየቀህ ብትሠራለት ምን አለበት?" ብትለኝ ጮህኩባት። ከዚያ ወዲህ አታናግረኝም። እኔም መላጊያውን ካነሳሁ ሰነበትኩ።

መቀመጫ አልሠራም። የግድ ካስፈለገህ ና፤ ፊቴ ቆመህ ንገረኝ።

እናትህ ትስምሃለች። እስክንገናኝ እግዚአብሔር ይጠብቅልኝ።

አባትህ ደምሴ ወልደየስ