የግሪክኛ መምህሩ የፈሩት ቃል

እኛ ታናናሾቻቸው ጋሼ የምንላቸው ወንድማችን፣ ከፍራፍሬ ነጋዴው አባታችንና ከአዋላጇ እናታችን በ1946 ዓ.ም.፣ ከመጋዘኑ በላይ ባለችው ክፍል ተወለዱ። የበኩር ልጅ ነበሩ። ፊደል ሳይቆጥሩ ብርቱካን መለየት ጀመሩ። አባታችን ሣጥኑን ያወርዱና “ፊቱን አትመን፣ ከሥሩ ዳስሰው” ይሏቸው ነበር። የሚያብረቀርቀው ብርቱካን ጣታቸውን ወደ ውስጥ ሲያሰምጥ ጋሼ ይጮኹና እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ይጠርጉ ነበር። ከልጅነታቸው ፈሪ ናቸው፤ ዛሬ ስለሞቱ ጀግና አላደርጋቸውም።

በ1965 ዓ.ም. ነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ገብተው፣ ሲመረቁ እዚያው የአዲስ ኪዳን ግሪክኛ መምህር ሆኑ። በ1973 ዓ.ም. ከልብስ ሰፊዋ ባለቤታቸው ጋር ጋብቻ ፈጽመው ሁለት ሴት ልጆችን አፍርተዋል።

ተማሪዎቻቸው “ብርቱካኑ” ይሏቸው ነበር። በየዓመቱ አንድ ብርቱካን መስኮት ላይ ያስቀምጡና እስኪሸት ማንም እንዳይነካው ይከለክላሉ። ሽታው ክፍሉን ሲሞላ “እንግዲህ ፍቶራ ማለት ይህ ነው” ይላሉ። ይህ የግሪክ ቃል ከውስጥ ጀምሮ ቀስ እያለ የሚበላ ብልሽት መሆኑን፣ መጽሐፍ ቅዱስም ለምግብ፣ ለሥጋና ለሰው ምግባር ይህንኑ አንዱን ቃል እንደሚጠቀም ያስረዱ ነበር። “ስትሞቱ አይደለም የሚጀምረው፤ አሁን ቁጭ ብላችሁም እየሠራ ነው” ሲሉ ፊት የተቀመጡት እግራቸውን ይሰበስባሉ ይባላል። ቃሉን ከሁሉም በላይ የሚፈሩት ራሳቸው እንደነበሩ የምናውቀው ቤተሰቦቻቸው ነን። እቤታቸው ፍሬ አድሮ አያውቅም።

በ2006 ዓ.ም. ጡረታ ከወጡ በኋላ የስኳር ሕመማቸው በረታ። ባለፈው ዓመት የግራ እግራቸው አውራ ጣት ጠቆረ፤ ቢቆረጥም ቁስሉ ወደ ላይ ወጣ። ሽታውን ከሐኪሙ በፊት ያወቁት እሳቸው ናቸው። መስኮቱን ሁሉ አስከፈቱ፣ ልጆቻቸው ወደ ክፍሉ እንዳይገቡ ከለከሉ። ሞትን አልነበረም የፈሩት። የሥጋና የነፍስ ብልሽት ስሙ አንድ ከሆነ፣ እግራቸውን የያዘው ነፍሳቸውንም ይዞ እንዳይሆን ነበር። ባለቤታቸው ግን በየጠዋቱ ጨርቁን እየፈቱ “እኔ የማጥበው እግርህን ነው። ነፍስህን የሚያጥብ ሌላ አለ፤ አትቀላቅልብኝ” ይሏቸው ነበር።

ስለ ሥጋ “በመበስበስ ይዘራል፣ ባለመበስበስ ይነሣል” የሚለውን ክፍል ዕድሜያቸውን ሙሉ አስተምረዋል። በመጨረሻዎቹ ወራት ግን ጮክ ብለው ሲያነቡት “ይዘራል” ላይ ይቆማሉ። “የቀረውን እኔ ለራሴ ለማለት አልደፍርም፤ ሰው ይበልልኝ” ይሉ ነበር። ባለቤታቸው ቁስሉን እየጠረጉ ይጨርሱላቸዋል።

ኅዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ረፋድ ላይም እንደ ልማዳቸው አንብበው “ይዘራል” ላይ ቆሙ። ባለቤታቸው ፋሻውን ይጠቀልሉ ነበርና ትንሽ ዘገዩ። የቀረውን ብለው ቀና ሲሉ ጋሼ አርፈዋል። ይስሙት አይስሙት አናውቅም። እንደ ወጉ “በሰላም አንቀላፉ” ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ ግን ፈርተው ነው የሄዱት፤ እኛም እስካሁን እየፈራን ነው።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ይህን የጻፍኩትን እህታቸውን ጨምሮ ታናናሾቻቸውን ትተው ሄደዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ብልሽት በማይደርስበት ያኑርልን።

ወዳጆቻቸው፣ አንድ ነገር እንለምናችሁ። ዛሬ በቀብሩ ላይ አፈሩ ሲመለስ ክፍሉን የሚያነቡት “ይዘራል” ላይ ያቆማሉ። የቀረውን ሁላችሁም በሉላቸው። እባካችሁ ጮክ ብላችሁ፤ ጋሼ ድሮም ጆሯቸው ከበድ ያለ ነበር።