የመምህር መዝገቡ ኑዛዜና የማርያማዊት ድምፅ

እኔ መዝገቡ ኃይለ ኢየሱስ፣ ዕድሜዬ ሰባ አራት፣ በዩኒቨርሲቲ የሙዚቃ መምህርና የኳየር መሪ ሆኜ ሠላሳ ሦስት ዓመት ያገለገልሁ፣ ዛሬ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ሐይቅ ከተማ በሚገኘው ቤቴ፣ አራት ምስክሮች ባሉበት ይህን ኑዛዜ በቃሌ አስጽፌአለሁ። ሳንባዬ ከድቶኛል፤ አእምሮዬ ግን እንደ ቀድሞው ነው። ከምስክሮቹ ማን አርፍዶ እንደ መጣም አይቻለሁ፤ ዓሣ አጥማጁ አሕመዲን ነው።

አንደኛ። ይህ ቤት ከነግቢው ለባለቤቴ ለወይዘሮ ማርያማዊት ዝናው ነው። ግማሹ በሕግም የእርሷ ነው፤ የእኔን ግማሽ ጨምሬላታለሁ።

ሁለተኛ። አርዲቦ ሐይቅ ዳር ያለው ማሳ ለወንድሜ ልጅ ለከበደ ይሁን። በየክረምቱ እየመጣ ጣሪያዬን የጠገነልኝ እርሱ ነው። ፒያኖዬን ግን እንዳይነካ። ክዳኑ ላይ ሽንኩርት አስጥቶ አግኝቼዋለሁ፤ እስከ ዛሬ አልበረደልኝም።

ሦስተኛ። ፒያኖው ለልጄ ለመንበረ ነው። በልጅነቷ ጣቶቿን በማስመሪያ መትቼአት፣ ከዚያ ወዲህ ፒያኖ ፊት ተቀምጣ አታውቅም። ሸጣ የፈለገችውን ትግዛበት፤ አልቀየምም። የኖታ ደብተሮቼ ለቀድሞ ተማሪዎቼ ይሰጡ። በአምባሰል ቅኝት ያቀናበርሁትን ከማዘመራቸው በፊት ግን የሚከተለውን ያንብቡ።

አራተኛ። ጸሐፊው ጌዴዎን ይህን ቀስ ብሎ ይጻፍ። በ1974 ዓ.ም. ማርያማዊት ከአምባሰል የመጣች የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነበረች። ኳየሬ ለምረቃ በዓል በአምባሰል ቅኝት አንድ ዜማ ይለማመድ ነበር። እርሷ ስታዜም ድምፅዋ በፒያኖው ሁለት ቁልፎች መካከል ያርፋል። ሦስት ጊዜ አስቆምኋት። በመጨረሻ አርባ ሰው ፊት፣ «አንቺ ከኋላ ረድፍ ቁሚ፤ አፍሽን አንቀሳቅሺ፣ ድምፅ ግን እንዳታወጪ» አልኋት። አራት ዓመት እንዲሁ ቆመች። ለምን ጥላ እንዳልሄደች የገባኝ ከተመረቀች በኋላ ስንጋባ ነው። በቤታችንም ልጅ ስታስተኛ እንኳ ስታንጎራጉር ሰምቻት አላውቅም።

ጡረታ ወጥቼ ወደዚህ በተመለስሁ ዓመት፣ ውጫሌ ገበያ አንዲት እህል ሻጭ ስታንጎራጉር ሰማሁ። ያችው በሁለት ቁልፎች መካከል ያለች ድምፅ ናት። የዜማው ትክክለኛ ቦታ ድሮም እዚያ ነበር፤ የተሳሳትሁት እኔና ፒያኖዬ ነን። ገበያ መካከል ቆሜ አለቀስሁ። ለማርያማዊት ግን መንገር አፍሬ አሥራ አራት ዓመት አለፈ። ስንቱን ድምፅ አሠልጥኜ፣ የአንድ ሰው ድምፅ እንደ ናፈቀኝ ልሞት ነው።

ስለዚህ በ1974 ዓ.ም. የሰጠሁትን ትእዛዝ በምስክሮች ፊት ሽሬአለሁ። ከሞትሁ በኋላ ማርያማዊት እንደ ልቧ ትዝፈን።

እዚህ ላይ አሕመዲን አቋርጦኝ ስለ ተናገረ ቃሉ እንዳለ ይጻፍ ብያለሁ።

«ወላሂ ጋሼ፣ እትዬ ማርያማዊትን ያልሰማ ከእርስዎ በቀር ማን አለ? እርስዎ ለሕክምና ደሴ በሄዱ ቁጥር ሐይቁ ዳር ወርዳ ትዘፍናለች። እኛ ታንኳችንን አቁመን እንሰማለን። ለጋሼ እንዳትነግሩ ብላ አስምላን ነበር፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።»

ጎረቤታችን ወይዘሮ ኢንሳፍም፣ «የልጄን ሠርግ ያደመቀችው ማን ሆነና!» አለች።

ሌላውን ምስክር መሪጌታ ሠርክአዲስን «እርስዎም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አንገታቸውን ደፍተው፣ «ከቅዳሴ መልስ በዚያ በኩል አልፋለሁ» አሉ።

አምስተኛ። ይህን ከሰማሁ በኋላ አራተኛውን አሻሽያለሁ። «ከሞትሁ በኋላ» የሚለው ይሰረዝ። ማርያማዊት ከጓዳ ትጠራ። ከፈቀደች ዛሬ ትዝፈን፤ ካልፈቀደች ማንም አያስገድዳት። ከፈቀደች ከፊት ትቁም። እኔ ከኋላ እቀመጣለሁ፤ አፌንም አላንቀሳቅስም።

ይህ ኑዛዜ ለተናዛዡና ለምስክሮቹ ተነብቦ፣ ቃሉ ሳይዛባ መጻፉ ስለ ተረጋገጠ ሁሉም ፈርመዋል። ንባቡ ከጧቱ አራት ሰዓት አልቆ ሳለ ፊርማው እስከ ስድስት ሰዓት የዘገየው፣ ተናዛዡ የወይዘሮ ማርያማዊት ዘፈን ሦስት ጊዜ ይደገም ስላሉ ነው።

ተናዛዥ፦ መዝገቡ ኃይለ ኢየሱስ (ፊርማ)

ምስክሮች፦
መሪጌታ ሠርክአዲስ ገብረ ሥላሴ (ፊርማ)
አሕመዲን አብዱልሰመድ (የጣት አሻራ)
ወይዘሮ ኢንሳፍ ሰዒድ (ፊርማ)
ጌዴዎን ተካ፣ ጸሐፊና ምስክር (ፊርማ)