የአዴ ጫልቱ ሲንቄ

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 2008 ዓ.ም.፣ ቡራዩ

ዛሬም መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል፤ ታክሲ የለም። ማስተማሩ ቀረና ጥናቴን ሳርም አረፈድኩ። ስለ ሲንቄ ነው፤ ያገባች የኦሮሞ ሴት የምትይዘው ዘንግ ከሥርዓት ወደ ቲያትር መድረክ እንዴት እንደመጣ። ሴቶች ሲንቄ ይዘው መሃል ሲገቡ ጠብ ይቆማል ብዬ ጽፌያለሁ። ረቂቁን ያነበበው የቲያትር ክፍል ባልደረባዬ ዳር ላይ፣ «ያኛው ወገን ሥርዓቱን ባያውቀውስ?» ብሎ ጽፎብኛል። የመድረክ ሰው ጥያቄ ነው ብዬ አልፌው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ አዴ ጫልቱ፣ ያን ሁሉ ያስረዱኝ ሴትዮ፣ ከሌሎች እናቶች ጋር ሲንቄያቸውን ይዘው ወጡ። መንገዱን ዘግተው በሚቃወሙት የሰፈር ልጆችና ሊበትኗቸው በመጡት ወታደሮች መሃል ቆሙ። እኔ ምሁሯ በቆርቆሮው አጥር ቀዳዳ አያለሁ። ወታደሮቹ ለአፍታ እንኳ አላመነቱም።

ግርግሩ ሲበርድ ቤታቸው ሄድኩ። ክንዳቸው በነጠላ ታስሯል። የተሰበረውን ሲንቄ ጉልበታቸው ላይ አድርገውታል። አይዞዎት አልኳቸው። ቀና ብለው ሳይቆጡ አዩኝ።

«የነገርኩሽን ሁሉ ጽፈሽው የለም እንዴ?»

«ጽፌዋለሁ፣ አዴ።»

«ታዲያ ለእነሱ አላነበብሽላቸውም?»