የመተንፈሻው እጀታ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ይህን የምጽፍልህ መጋዘኑ ውስጥ፣ የፓምፑ ሳጥን ላይ ሳንቃ ጥዬ ነው። ፊደሌ ከተንቀጠቀጠ አረጀች እንዳትል፤ ፓምፑ እየሠራ ነው። ከፖስታው ውስጥ ጠጠር ያለ ነገር ቢወድቅብህ ደግሞ እንዳትጥለው። ምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ እነግርሃለሁ። ቀድሜ ብነግርህ ደብዳቤውን ጨርሰህ አታነብም፤ አውቅሃለሁ።

ጠመቃ ቤትህ ቆሟል። ሦስት ዓመት ሸራ ለብሶ የተኛው ዕቃ ሁሉ ተነስቶ፣ ታጥቦ፣ በቧንቧ ተያይዟል። የውሃ ማሞቂያው፣ የብቅል መዘፍዘፊያው፣ ማፍያው፣ ማቀዝቀዣው፣ በመጨረሻም ቢራው የሚብላላበት ያ ታንከር። አዎ፣ ያው ታንከር። ተቀመጥና አንብብ።

በሄድክ በዓመቱ የማድቤቱን መደርደሪያ ላጥብ ብዬ ድስቶቹን አወረድኩ። እማዬ መደርደሪያ ላይ ወረቀት እንደምታነጥፍ ታውቃለህ፤ የምታነጥፈውን ደግሞ አትመርጥም። እኔም ወረቀት ሳላነብ እንደማልጥል ታውቃለህ። ሰባተኛ ክፍል ላይ ካቆምኩ ወዲህ የተማርኩት ሁሉ ከስኳር መጠቅለያ፣ ከመድኃኒት ካርቶንና ከተቀደደ ጋዜጣ ነው፤ አንድም ታሪክ መጨረሻውን አግኝቼ አላውቅም። ከትልቁ ድስት ሥር የወጣው ግን የታንከሩ መመሪያ ነበር፣ ገጽ አሥራ ዘጠኝ። የድስቱ ቂጥ ጥቁር ክብ አትሞበታል። በክቡ መሃል እንዲህ ይላል፦ «ታንከሩ በሙቅ ውሃ ከታጠበ በኋላ ቀዝቃዛ ውሃ ከማስገባትዎ በፊት የላይኛው መተንፈሻ ክፍት መሆኑን ያረጋግጡ። ከተዘጋ እንፋሎቱ ባንዴ ወደ ውሃ ይለወጣል፤ ውስጡ ባዶ ይሆንና ታንከሩ ወደ ውስጥ ይጨራመታል።»

ድስቱን እንደታቀፍኩ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ያን ቀን እንዴት ትረሳዋለህ። ታንከሩን በፈላ ውሃ አጥበህ ጎማውን ልታመጣ ወጣህ። እኔ ሻይ ይዤልህ ገባሁ። ቀና ስል ታንከሩ አናት ላይ ያለችው ትንሽ ቫልቭ ክፍት ናት፤ አንዲት ዝንብ ትዞራታለች። በእማዬ ቤት ያደገ ሰው ክፍት ዕቃ አይቶ አያልፍም። ባልዲው፣ ስኳሩ፣ ጨው ዕቃው፣ የተኛ ሰው አፍ እንኳ ሳይቀር በነጠላ ጫፍ ይከደናል። «ክፍት ዕቃ ዝንብን በስሟ ይጠራታል» እያለች አይደል ያሳደገችን? መሰላሉን ሁለት ደረጃ ወጣሁና እጀታዋን አዙሬ ዘጋኋት። ሻይህንም በሳህን ከደንኩት። ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

የቀረውን በር ላይ ሆኜ አየሁ። ቀዝቃዛውን ውሃ ለቀቅክ፤ ታንከሩ አንዴ አቃሰተ፤ ከዚያ እንደተረገጠ ጣሳ ጭርምት አለ። አንተ ጎማውን እንደያዝክ ቀረህ፤ ውሃው ጫማህ ላይ ይፈሳል። «መተንፈሻውን ረሳሁት» አልክ፤ ለራስህ ነው ያልከው። እኔ ያኔ መተንፈሻ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ረሳሁት ስላልክ አዘንኩልህ።

ሰፈሩ ግን አላዘነልህም። ፀጉር አስተካካዩ «ሰው ቢራ ይጠጣል፣ የሱ ቢራ ታንከሩን ጠጣው» እያለ ስንት ቀን አሳቀብህ። በሁለተኛው ሳምንት ሻንጣህን ይዘህ ሄድክ። ይኸው አሁን በሰው ልብስ እጥበት ቤት ቦይለር ትጠብቃለህ። በየደብዳቤህም «እኔ የሰው ዕቃ ጠባቂ እንጂ ለራሴ የምሆን ሰው አይደለሁም» ትለናለህ።

አንተ አልረሳህም፣ ወንድም ጋሼ። የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ይህን እያወቅኩ ሁለት ዓመት ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የኔ ግን ነቅዟል። ብዕር ባነሳሁ ቁጥር «ሁላችንም ደህና ነን» ብዬ እዘጋዋለሁ፤ መዝጋት ለምዶብኛል። አንተ ለሰው ሁሉ «እህቴ የነካችው ነገር አይበላሽም» ስትል የኖርክ ሰው ነህ። ያቺን ቃልህን ማጣት ፈራሁ።

አፌ ያቃተውን እጄ ይጀምረው አልኩና መመሪያውን ከየቤቱ ጥግ ለቀምኩት። ገጽ አራት የእማዬ መነጽር ተጠቅልሎበት ተገኘ። ሁለት ገጽ የመስኮቱን ስንጥቅ ደፍኖ ነበር። ሠላሳ አንደኛው ጭራሽ ጠፋ።

በያጁን፣ ብልጭታ የምንለውን፣ ታስታውሰዋለህ። ቧንቧ ሊበይድልኝ መጥቶ ፓምፑን ከመዘፍዘፊያው በላይ ግድግዳ ላይ ሰቅዬው አየ።

«እትዬ፣ ይሄ ፓምፕ ምን አጥፍቶ ነው የተሰቀለው?»

«የወለሉ ውሃ እንዳይነካው ብዬ ነዋ።»

«ይሄ የሚገፋ እንጂ የሚስብ ዓይነት አይደለም። ውሃው በራሱ እግር ይውረድለት እንጂ። ከሥር ያስቀምጡት።»

«ባወርደው ትስቅብኛለህ?»

«አይ፣ አሁኑኑ ስቄ ልጨርስና ያወርዱታል።»

ከዚያ ማቀዝቀዣው መጣ፤ የጠፋችው ሠላሳ አንደኛ ገጽ እዚያ ላይ ጉድ ሠራችኝ። ከማፍያው የሚመጣውን ትኩስ ፈሳሽና ቀዝቃዛውን ውሃ በአንድ ጫፍ አስገብቼ ጎን ለጎን ሰደድኳቸው። በውሃ ስንሞክረው ሁለቱም ለብ ብለው ወጡ። እማዬ በርጩማዋ ላይ እንዳለች ጣቷን ነከረችና «ይሄ እንኳ ለእግሬ ይሆናል» አለች። እግሯንም ታጠበችበት። ሁለት ቀን ሳሰላስል ቆየሁ። ጎን ለጎን የሚሄዱ ሰዎች እኩል ደክመው እኩል ይደርሳሉ። ፊት ለፊት ቢመጡስ? ጎማዎቹን አዘዋወርኩ፤ ቀዝቃዛው ውሃ ትኩሱ በሚወጣበት በኩል እንዲገባ አደረግኩ። ያን ጊዜ እማዬ ከማፍያው የመጣው ላይ ጣቷን ነክራ ከቅዝቃዜው የተነሳ ቶሎ አወጣች። «በሉ አሁን ሥራ ጀምሩ» አለችን።

የቀረው ታንከሩ ነበር። ብልጭታ «ቆርጬ ልቀጥቅጠው» አለ። እምቢ አልኩት። ውሃው በመተንፈሻዋ እስኪፈስ ድረስ ሞላሁት፤ ከዚያ እሷኑ ዘጋኋት፤ ቀስ እያልኩ በእጅ ፓምፕ ውሃ ጨመርኩበት። ብልጭታ ከበር ውጭ ቆሞ፣

«ከፈነዳ ለማን ልንገር?» ይላል።

«ለወንድሜ።»

«እሱማ ድምፁን እዚያው ሆኖ ይሰማዋል።»

አንድ ጊዜ እገፋለሁ፣ አዳምጣለሁ። እንደገና እገፋለሁ። ከቀትር በኋላ ታንከሩ እንደ ከበሮ «ዱም» አለ፤ ጎኑ ተነፋ። እማዬ ከነበርጩማዋ ወደኋላ ሄደች። ሌላው ጎኑ በማግስቱ ወጣ። ከታች መዳፍ የምታህል ስርጉድ ቀርታለች፤ ውሃ ግን አያፈስም። ብልጭታ ብየዳውን ዙሪያውን በጣቱ ዳብሶ «እንዲህ ያለውን ሐኪም እኔም አላውቅ» አለኝ። እኔ መፍቻ መሰብሰብ ጀመርኩ።

ከትናንት በስቲያ የመጀመሪያውን ጠመቅን። እርሾው ሥራ ይዟል። ከመተንፈሻዋ ጎማ አውርጄ ጫፉን ውሃ ያለበት ባልዲ ውስጥ ነክሬዋለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ብልቅ ብልቅ ይላል። ዛሬ ጠዋት እማዬ የድስት ክዳን ይዛ መጣች፤ ባልዲውን ልትከድን። ጎማውን እንዳትቆለምመው እጇን ያዝኩት።

«ምን ሆነሻል አንቺ?»

ነገርኳት። ሁሉንም። ክዳኑን እንደያዘች ቆማ ሰማችኝ፤ ከዚያ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«የኔ ጥፋት ነዋ፤ ያስተማርኩሽ እኔ። እሱስ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ታዲያ እኔ ጋ ምን ትሠሪያለሽ? ጻፊለት እንጂ።»

ይኸው ጻፍኩ።

ፖስታው ውስጥ ያለው የዚያች ቫልቭ እጀታ ነው። ቫልቯን ክፍት አድርጌ እጀታዋን ፈታሁት፤ በጣት አትዞርም። አሁን ክፍት መሆን አለባት። እርሾው ሥራውን ወደ መጨረሱ ሲቃረብ ግን ቢራው ጋዙን እንዲይዝ መዘጋት አለባት፤ ከዛሬ ሳምንት ገደማ መሆኑ ነው። ብልጭታ በፒንሳ ልዝጋት ቢል ፒንሳውን ደብቄበታለሁ። እኔ አልዘጋትም። ድሮ የዘጋኋት ይበቃኛል።

ይህን የሚያደርስልህ ጎረቤታችን ሾፌሩ ሐሙስ ይመለሳል፤ ጋቢናው ውስጥ አንድ ቦታ ይዞልሃል። ከተቆጣህ መቆጣት መብትህ ነው፤ እዚሁ መጥተህ ተቆጣ። ያቺን ስርጉድ ግን በእጅህ ዳብሳት። የኔ ናት እንጂ ያንተ አይደለችም፤ ከእንግዲህ እንዳትሸከማት።

ከሻይህ በቀር ምንም የማትከድነው፣
እህትህ