የአባታችንን ጠመንጃ ያስመዘገብኩበት ስም

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣ ለጋሼ፤

እንዴት ሰነበትክ? ጤናህስ? ያ ብርድ ሲነካው የሚያነክስህ ጉልበትህ ተወህ ወይስ አብሮህ ተሰደደ? ባለቤትህ ደህና ናት? ልጅህስ አደገች? እኛ ከድካም በቀር ምንም አልሆንን። እናታችንም ደህና ናት፤ ጥርሷ ቢቀንስም ምላሷ እንዳለ ነው።

ጋሼ፣ ጉድ ልንገርህ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስገባ ሠራተኛው ሁሉ ብድግ ብሎ ተቀበለኝ። ነገሩን ላለማጋነን፣ ብድግ ያሉት ለምሳ ሊወጡ ነው። ቢሆንም እነሱ ቆመው ነበር፣ እኔም ገብቼ ነበር። ይህን ደብዳቤም ማንም ሳያግዘኝ በገዛ እጄ እየጻፍኩልህ ነው። የማታውን ትምህርት ከጨረስነው አሥራ አራት ሰዎች እንደኔ ያለ ጸሐፊ አልወጣም። አስተማሪያችን ራሷ ጽሕፈትህ ዶሮ የጫረችው ይመስላል፣ ግን ይነበባል ብላ መስክራልኛለች።

የሄድኩበት ጉዳይ የአባታችን ጠመንጃ ነው። አዲስ ደንብ ወጣና መሣሪያ ያለው ሁሉ እስከ ወሩ መጨረሻ አምጥቶ ያስመዝግብ፣ ያላስመዘገበ ይወረሳል ተባለ። እንደምታውቀው በቆሎው እሸት ሲይዝ ከርከሮ ነው ከኔ ቀድሞ የሚቀምሰው፤ አጥር ላይ ቆሜ ብሰድበው የሚሰማኝ አይደለም። ደግሞስ አባታችን ከዚህ ሌላ ምን ትቶልን ሄደ?

መንገዱ የሦስት ሰዓት ነው። ጠመንጃ ከያዝክ ግን አራት ይፈጃል፤ ያገኘህ ሁሉ ማንን ልትገድል ነው እያለ ያቆምሃል። በመጀመሪያው ቀን መዝጋቢዋ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ የምታንጠለጥል ሴት ናት፣ ፎቶግራፍ የለህም ብላ መለሰችኝ። በሁለተኛው ፎቶግራፍ ይዤ ብሄድ ባርኔጣህን አውልቀህ ተነሣ አለችኝ። እናታችን እንኳ ደህና አድርጋ አይታው የማታውቀውን መላጣዬን ለመንግሥት አሳየሁ። በሦስተኛው ቀን ተገላገልኩ ስል ጠመንጃውን አገላብጣ አየችና ቁጥሩ የታል አለች።

ቁጥሩ የለም፣ ጋሼ። ትዝ ይልሃል፣ አባታችን በየሳምንቱ እኔንና አንተን አስቀምጦ በአመድና በዘይት ጨርቅ ሲያስወለውለን? ፊታችሁ ካልታየበት አልጠራም ይለን ነበር። ፊታችን ይታይ ብለን ስንፈትግ ቁጥሩን በላነው። ከስድስቱ አሃዝ የቀሩት ሁለት ናቸው፣ እነሱም ስምንት ይሁኑ ዜሮ የሚለያቸው የለም። መዝጋቢዋ ደግሞ ቁጥር የሌለው መሣሪያ ሆን ተብሎ እንደተፋቀ ይቆጠራል፣ ተይዞ ይጣራል አለችኝ። ንጽሕና ወደን ወንበዴ ተባልን።

ያን ቀን ቀልዱም አለቀብኝ። አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ እግሬን ሳሽ፣ በሩ ገርበብ ባለው መጋዘን ውስጥ የተያዙ ጠመንጃዎች እንደ ማገዶ ተከምረው አየሁ። በየአፈሙዛቸው ቁራጭ ወረቀት ታስሯል። ዝገታቸው እኔ ጋ ድረስ ይሸታል። የኛም እዚያ ሊጋደም ነው አልኩ።

ደግነቱ ብሎን ብለው የሚጠሩት አንድ ሽማግሌ የመሣሪያ ጠጋኝ አላቸው፤ ተጠርቶ መጣ። ብረቱን ከእንጨቱ ሲፈታው ከሥር፣ አመዳችን ደርሶበት በማያውቀው ቦታ፣ ቁጥሩ ሙሉውን ተገኘ። "እንኳንም እዚህ ድረስ ጎበዝ አልሆናችሁ" አለኝና መፍቻውን ኪሱ ከቶ ሄደ።

አለቀ ስል ደግሞ መዝጋቢዋ ጠመንጃው የማን ነው ብላ ጠየቀች። አባታችን ሊሞት ሲል የታላቅዬው ነው ማለቱን፣ ታላቅዬውም ሩቅ አገር መሆኑን ነገርኳት። እንግዲያው ራሱ መቅረብ አለበት፣ እሱ እስኪመጣ መጋዘን ይቀመጣል፣ አንተ ባለቤት ነኝ የምትል ከሆነ ግን ዛሬውኑ ይዘኸው ትሄዳለህ አለችኝ። እኔ ባርኔጣዬን እያሻሸሁ ቆምኩ። አሳዘንኳት መሰለኝ፣ ሦስት ቀን ቀርቶሃል፣ ቤትህ ገብተህ ምከር ብላ አሰናበተችኝ።

ቤት ገብቼ ለእናታችን ነገርኳት። እሷም በስምህ አስመዝግበው፣ ወንድምህ አይከፋውም አለችኝ።

በአራተኛው ጉዞ መዝጋቢዋ ፎርሙን ልሙላልህ ስትለኝ እኔ የተማርኩ ሰው ነኝ ብዬ ተቀበልኳት። ባለንብረት የምትል አንዲት መስመር አለች፣ አንድ ስም ብቻ የምትይዝ። ጋሼ፣ በማታው ትምህርት ከራሴ ስም በፊት የለመድኩት ያንተን ነው፤ ትምህርቱንም የገባሁት ላንተ ልጽፍ ብዬ ነበር። እዚያች መስመር ላይ ግን የራሴን ጻፍኩ። ላቤ ወረቀቱ ላይ እንዳይንጠባጠብ ግንባሬን በእጅጌዬ ጠረግኩ። እሷም ማኅተሟን አሳረፈች።

ስትመጣ ሁለታችን አብረን ከቀረብን ስሙ ይዛወራል ብላኛለች። እስኪሰለቻት ድረስ ደጋግሜ ጠይቄያታለሁ። ጠመንጃው አሁን በቦታው ተሰቅሏል፤ መወልወሉን ግን ትቼዋለሁ።

ለባለቤትህ፣ እጅ ነሥቻለሁ በልልኝ። ለልጅህ፣ አጎትሽ ፊደል ቆጠረ ብለህ ንገራት፤ ጽሕፈቴን ግን አታሳያት፣ እንዳትለምድብኝ። ጎረቤቶቻችን ሁሉ ሰላም ይሉሃል። እናታችንም ጉንጮችህን ትስማለች።

እሷ ላይ ስደርስ ደብዳቤውን ማሸግ አቃተኝ። ወንድምህ አይከፋውም አለችኝ ብዬ የጻፍኩልህን ከራሴ ነው ያመጣሁት። እሷ ያለችኝ "ጽፈህ ጠይቀው" ነው። ደብዳቤ ደግሞ ወር ይፈጃል፤ የቀረኝ ሦስት ቀን ነበር። ሌላው ሁሉ እንዳለ ነው፣ የዋሸሁህ ያቺን ቃል ብቻ ነው። ይኸው እንግዲህ፣ ዘግይቼም ቢሆን ጠየቅሁህ።

ታናሽ ወንድምህ
ከቤታችን፣ ከበሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ
ጥቅምት 2 ቀን